የሊኑክስ የለውጥ መዝገብና አነባበቡ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ዳሩ ግን የተጻፈ ሁሉ በትክክል ይነበባል ማለት አይደለም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው የሶፍትዌር ሠሪዎች የሥራቸውን የለውጥ ታሪክ የሚመለከቱበትን ጊት የተባለውን መሣሪያ ነው። ለምሳሌ የወሰድነውም የሊኑክስን ከርነል መዝገብ ነው። መዝገቡ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ፣ አንባቢ የምንለውን በገዛ ዐይኑ ሊያረጋግጥ ይችላል።

አስቀድመን የመሣሪያውን ጠባይ በጥቂቱ እንግለጽ። ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ምክንያቱም የሊኑክስ ሠሪዎች ቢትኪፐር በተባለው መሣሪያ ያለ ክፍያ እንዲገለገሉ ተሰጥቷቸው የነበረው ፈቃድ በዚያው ዓመት ስለ ተነሣ ነው። በጊት ዘንድ እያንዳንዱ የተመዘገበ ለውጥ ኮሚት ይባላል፤ በውስጡም የጸሐፊው ስም፣ ለውጡን ወደ መዝገብ ያስገባው ሰው ስም፣ ቀኑና መልእክቱ ይገኛሉ። «ጊት ሎግ» የሚለው ትእዛዝ እነዚህን ከአዲሱ ወደ አሮጌው በተራ ያሳያል። «ጊት ብሌም» ደግሞ አንድ ፋይል ወስዶ፣ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ መስመሩን በመጨረሻ የነካውን ሰው ስም ያስቀምጣል።

የመጀመሪያው ነቀፌታችን የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ብሌም ማለት ወቀሳ ማለት ነውና፣ ስሙ ራሱ አንባቢውን ዳኛ ያደርገዋል። ነገር ግን መሣሪያው የሚያሳየው በመጨረሻ የነካውን እንጂ ሐሳቡን ያፈለቀውን አይደለም። አንድ ሰው በመስመሩ ውስጥ ያሉትን ባዶ ቦታዎች ብቻ ቢያስተካክል፣ የሌላው ሰው ጥፋትም ሆነ ጥበብ በእርሱ ስም ይታያል። እርግጥ ነው፣ የባዶ ቦታ ለውጥን እንዲተው መሣሪያውን ማዘዝ ይቻላል፤ ከ2019 ጀምሮም ሊታለፉ የሚገባቸውን ኮሚቶች በዝርዝር መስጠት ተችሏል። ይሁን እንጂ ይህን ማዘዝ ያለበት አንባቢው ነው፤ የማያውቅ አንባቢ ንጹሑን ሰው ይወቅሳል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። የሊኑክስ የጊት መዝገብ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2005፣ 2.6.12 ለተባለው እትም በተዘጋጀው ሁለተኛ የሙከራ ቅጂ ነው። ቶርቫልድስ በዚያ ኮሚት መልእክት ላይ፣ የቀድሞው ታሪክ በእጅ እያለ ሆን ብሎ እንዳላስገባው፣ ቢገባ ኖሮም 3.2 ጊጋባይት ያህል ቦታ እንደሚይዝ በግልጽ ጽፏል። ሊኑክስ ግን የተጀመረው በ1991 ነው። እንግዲህ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በላይ የተሠራው የብዙ ሰዎች ሥራ በአንድ ኮሚት ተጠቅልሎ ገባ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ያልተነካ መስመር ሁሉ በብሌም ሲታይ የቶርቫልድስ ስም ይወጣበታል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹን የጻፉት ግን ሌሎች ናቸው። መሣሪያው በኮሚቱ መለያ ፊት የቀስት ጫፍ የምትመስል ትንሽ ምልክት አኑሮ፣ የመዝገቡ ድንበር እዚህ መሆኑን ያመለክታል። ምልክቷን የማያስተውል ግን ድንበሩን መነሻ ያደርገዋል። የቀድሞውም ታሪክ አልጠፋም፤ በሌላ መዝገብ ተቀምጧል፤ «ጊት ሪፕሌስ» በሚባለው ትእዛዝም ከአዲሱ ጋር ሊቀጠል ይችላል።

ይህን ስንል የመሣሪያውን ትሩፋት አንክድም። «ጊት ባይሴክት» ብልሽት ያመጣውን ለውጥ መሐል ለመሐል እየከፈለ ስለሚፈልግ፣ ከ1000 ለውጦች ውስጥ አንዱን ለማግኘት 10 ያህል ሙከራ ብቻ ይበቃዋል። ነገር ግን ባይሴክት «የትኛው?» ለሚለው ጥያቄ እንጂ «ስለ ምን?» ለሚለው መልስ የለውም። ስለ ምን እንደ ተለወጠ ሊነግረን የሚችለው ጸሐፊው የተወው መልእክት ብቻ ነው። ሊኑክስን የምናመሰግነውም በዚህ ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ለአንዲት መስመር ለውጥ ብዙ አንቀጽ ምክንያት የተጻፈበት፣ የሚያርመውም የቀድሞ ኮሚት በመለያው የተጠቀሰበት ቦታ ጥቂት አይደለም።

ከዚህ ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፍ ትምህርት አለ። የጥቂት ወራት ሥራችንን ጠቅልለን «ተስተካክሏል» በሚል አንድ ቃል ስናስረክብ፣ የሳትንበትን መንገድና የተመለስንበትን ምክንያት አብረን እንቀብራለን። ከእኛ በኋላ ያንን ኮድ የሚረከበው ሰው የእኛን ስሕተት እንደገና ለመሳት ይገደዳል። መምህራንም የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ሳይሆን መዝገቡን ጭምር ቢያነቡ፣ ማን እንደ ሠራና እንዴት እንዳሰበ ከሁሉ ይልቅ ይገለጥላቸዋል። መሣሪያው የተሰጠውን ይጠብቃል፤ ያልተሰጠውን ግን ሊፈጥር አይችልም።