ጸጥ ያለ ደረት፦ በላኤኔክ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሒስ

ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1819 ያሳተመው፣ ደረትን ስለ ማዳመጥ የሚያትተው መጽሐፍ የሳንባን ሕክምና የለወጠ ሥራ ነው። በሕመምተኛው ደረት ላይ የተሰማውን ድምፅ በአስከሬን ምርመራ ከተገኘው ጉዳት ጋር ማስተያየቱ ዘላቂ ብርታቱ ነው። ድክመቱ የሚታየው በማብራሪያው ላይ ነው። ጤናማውን ድምፅ አየር ወደ አየር ከረጢቶች ከመግባቱ ጋር አያይዞታል፤ “ቬሲኩላር” የሚለው ስያሜም ይህንኑ ግምት ተሸክሞ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ድምፁ በዋናነት የሚፈጠረው ግን በትላልቆቹ የአየር ቧንቧዎች ውስጥ፣ ፈጣኑ አየር ሥርዓቱን ስቶ ሲሽከረከር ነው፤ ይህም ሁከታማ ፍሰት ይባላል። ቧንቧዎቹ በተከፋፈሉ ቁጥር ጠቅላላ ስፋታቸው ስለሚጨምር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ከከረጢቶቹ ዘንድ ፍሰቱ ድምፅ አልባ ነው። ከዚያም አየር የሞላው ሳንባና የደረት ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ አስቀርተው ወፍራሙን ያሳልፋሉ። ስለሆነም በደረት ላይ የሚሰማው ድምፅ የሁለት ነገሮች ውጤት ነው፤ ይኸውም የፍሰቱ ብርታትና የመተላለፊያው ሁኔታ። በሳንባ ምች የጠጠረ ሳንባ ቀጭኑንም ስለሚያሳልፍ፣ በትላልቅ ቧንቧዎች ላይ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ በደረት ላይ ይሰማል።

ሁከቱን የአየሩ እፍጋትም ይወስነዋል። ወላይታ ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በዞኑ ውስጥም የአባያ ዳርቻ ቆላና የዳሞት ተራራ ደጋ አየራቸው እኩል አይደለም። ስለዚህ የድምፅ ጉልበት ቋሚ መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ የሚያዋጣው የአንዱን ሕመምተኛ ቀኝና ግራ ደረት ማነጻጸር ነው።

ስሕተቱ የከፋ ዋጋ የሚያስከፍለው በጸጥታ ላይ ነው። አስም የጠናበት ልጅ ሲር ሲር የሚለው ድምፁ ሲጠፋ የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ ደረቱ እየተሰረጎደ ድምፁ ከጠፋ ግን ሁከት ለመፍጠር የሚበቃ አየር አያልፍም ማለት ነው፤ አስቸኳይ ሕክምና ያሻዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያለ ማዳመጫ፣ የሕፃኑን ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ መቁጠሯና የደረቱን መሰርጎድ መመልከቷም ከዚህ አንጻር የሚናቅ አይደለም፤ ዓይን ጆሮ የሳተውን ያርማልና። የላኤኔክ ጆሮ ሊወረስ ይገባል፤ ማብራሪያው ግን መታረም አለበት።