የካሪን ቦዬ «ካሎካይን»፦ የሳይንስ ልብ ወለድ ለማይወዱ የፍቅር አንባቢዎች

በስቶክሆልም የሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎችን የካሪን ቦዬን «ካሎካይን» አንብቡ ብሎ ማግባባት ቀላል ሥራ አይደለም። ወላጆች መጽሐፉን የሚያዩት ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት በቦርሳቸው ይዘውት ሲመጡ ነው። ልጆቹ ደግሞ «መምህር ያዘዘው መጽሐፍ» ነው ብለው ያውቁታል፤ ለመጥላት ይኸው ይበቃል። ፍቅር እስከ መቃብርን ደጋግሞ ያነበበ ሰው «የሳይንስ ልብ ወለድ» የሚል ቃል ሲሰማ መንኮራኩርና ሮቦት ይታየዋል፤ «ይህ የልጆች ነገር ነው» ብሎም ያልፈዋል። «የፍቅር ታሪክ ነው» ሲሉት ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ይመጣበታል፤ ፍቅርና ሳይንስ በአንድ ድስት ተቀቅለው ምን ሊወጣቸው ነው?

ጥርጣሬው መሠረት የለውም አይባልም። ብዙ የዚህ ዘር መጻሕፍት ፍቅሩን ለማሽኑ ማጣፈጫ ብቻ ያደርጉታል። በ«ካሎካይን» ውስጥ ግን ማሽን የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያለው አንድ መርፌ ነው። በመርፌው ውስጥ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ፈሳሽ አለ፤ የተወጋ ሰው በልቡ ያለውን ሁሉ ያለ ማመንታት ይናገራል። ፈልሳፊው ሌዮ ካል የሚባል ኬሚስት ነው፤ መድኃኒቱንም በራሱ ስም «ካሎካይን» ይለዋል። ሰውየው ሚስት አለው፤ ሊንዳ ትባላለች። ሦስት ልጆችም አሏቸው። ልብ ወለዱ በመሠረቱ ይህ ነው፦ የሰውን ልብ በመርፌ መክፈት የሚችል ባል፣ ከሚስቱ ጋር በአንድ አልጋ ተኝቶ እያደረ ልቧን አያውቅም።

መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ጀርመን ዴንማርክንና ኖርዌይን ወርራ ነበር፤ ስዊድን በገለልተኝነቷ እየተንቀጠቀጠች ተቀምጣለች። ቦዬ ሶቪየት ኅብረትን በ1928 ጎብኝታለች፤ በ1932 እና በ1933 ደግሞ በርሊን ኖራለች። ሁለቱንም ዓለም በዓይኗ ያየች ሴት ናት። በስዊድን ሕዝብ ዘንድ ግን ከሁሉ በፊት ገጣሚ ናት፤ በጸደይ ስለሚፈነዱ እንቡጦች የጻፈችው ግጥም ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ የሚያውቀው ነው። «ካሎካይን» በወጣ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1941 ሚያዝያ፣ በ40 ዓመቷ አረፈች። መጽሐፉን ከሞቷ ወደ ኋላ ተነሥቶ መፍታት በስዊድን ሐያስያን ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ለአዲስ አንባቢ ይህ መንገድ አይመከርም፤ ሊንዳን እንደ ሊንዳ ለማዳመጥ ያስቸግራል።

አማርኛ አንባቢ ፍቅርን ማንበብ የለመደው በሌላ መንገድ ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ጠላት በውጭ ነው፦ ዘር፣ ማዕረግ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት። ሁለቱ ልቦች ግን እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ አንባቢውም አንድ ቀን እንኳ አይጠራጠራቸውም። ቦዬ ነገሩን ትገለብጠዋለች። ሌዮና ሊንዳን ማንም አልለያያቸውም። የዓለም መንግሥት የሚባለው አገራቸው እንዲያውም እንዲጋቡና እንዲወልዱ ይፈልጋል፤ ወታደር ያስፈልገዋልና። ከምድር በታች በተሠራ ከተማ፣ በተሰጣቸው ቤት ውስጥ ይኖራሉ። በመኝታ ክፍላቸው የፖሊስ ዓይንና የፖሊስ ጆሮ ተተክሏል። የቤት ሠራተኛዋ ያየችውንና የሰማችውን ለባለሥልጣን ታቀርባለች። ልጆቹ ገና በለጋነታቸው ወደ ካምፕ ይወሰዳሉ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት ቢሰማም የማያስጠይቀውን ብቻ ነው። ዓመታት አልፈው ሲታይ፣ የማያስጠይቀውን ብቻ ተነጋግረው የኖሩ ሁለት ሰዎች ሆነዋል። ይህን ለመረዳት የፖሊስ ጆሮ የግድ አያስፈልግም፤ ብዙ ትዳር ያለ ፖሊስ ጆሮም እዚህ ይደርሳል። የመጽሐፉ ብርታትም እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ሙከራው ይጀምራል። ለሙከራ ራሳቸውን የሰጡ ሰዎች ወደ ቤታቸው ሄደው ለትዳር ጓደኛቸው «የመንግሥትን ምስጢር ለጠላት ልሸጥ ነው» ብለው እንዲናገሩ ይታዘዛሉ። ማን ይጠቁማል? ማን ዝም ይላል? ዝም ያሉት እየተያዙ መርፌ ይወጋሉ። ከእነሱ አንዷ ሴት ስትናገር የሚሰማው ክህደት አይደለም። ባሏ ምስጢሩን አምኖ ስለ ነገራት የተሰማት ደስታ ነው። ሌዮ ይህን በሙያው ሰው ዓይን ይመዘግባል፤ ግን ቅናት ይይዘዋል። የሚቀናው በዚያ ሰው ዕድል ነው። እሱን እንዲህ ያመነው ሰው የለም።

ቅናቱ ደግሞ ሌላ ፊት አለው። የበላዩ ኤዶ ሪሰን ጸጥ ያለ፣ በዓለም መንግሥት ቋንቋ በሙሉ ልቡ የማይናገር ሰው ነው። ሌዮ ሊንዳ ይህን ሰው ትወዳለች ብሎ ይጠረጥራል፤ ለጥርጣሬው ማስረጃ ባይኖረውም መርፌ አለው። አንድ ሌሊት የገዛ ሚስቱን ይወጋታል።

ይህ ትዕይንት በስዊድን ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከሚያስፈሩት አንዱ ነው፤ ደም ግን አይፈስበትም። ሌዮ የፈለገውን የክህደት ኑዛዜ አያገኝም። ያገኘው ነገር ምን እንደሆነ እዚህ መናገር አንባቢን መበደል ይሆናል። ይህን ያህል ግን ማለት ይቻላል፦ ከመርፌው በኋላ ሌላ ንግግር ይመጣል። ሊንዳ በራሷ ፈቃድ፣ ያለ መድኃኒት ትናገራለች። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ማርገዝና ስለ መውለድ፣ በተለይ ስለ ሴት ልጇ ስለ ማሪል። በዚያ ንግግር ውስጥ ልጆቹ የመንግሥት ንብረት መሆናቸው ያበቃል። ሁለቱን ንግግሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ቦዬ የሳይንስ ልብ ወለድ ለምን እንዳስፈለጋት ይገባዋል። ተነጥቆ የተወሰደ እውነትና ተሰጥቶ የተቀበሉት እውነት፣ ቃላቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ያለ መርፌው ማሳየት አስቸጋሪ ነው።

በስዊድንም ሆነ በሌላው ዓለም መጽሐፉ ሁልጊዜ ከኦርዌል «1984» ጋር ይነጻጸራል፤ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ነው የወጣው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ቀዳሚነት ለአንባቢ ምን ይጠቅመዋል? በኦርዌል መጽሐፍ ፍቅር በመንግሥት ላይ የሚደረግ አመፅ ነው። በቦዬ መጽሐፍ አፋኙ ራሱ አፍቃሪው ነው። ሌዮ አጥባቂ የመንግሥት ታማኝ ነው፤ ሐሳብ ራሱ በሕግ እንዲያስቀጣ የሚወተውተውም እሱ ነው። ታሪኩን የሚተርክልን ደግሞ ይኸው ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ደረቅና የቢሮ ደብዳቤ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያስቀምጠው እዚያ ላይ ነው፤ ትንሽ ይታገሥ። ድርቀቱ የጸሐፊዋ ሳይሆን የሌዮ ነው፤ እሱ እየተሰነጠቀ ሲሄድ ዓረፍተ ነገሩም አብሮ ይሰነጠቃል።

በዓለም መንግሥት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ቃል አለ፤ ቃል በቃል «አብሮ ወታደር» እንደ ማለት ነው። ይህን ቃል ያነበበ የደርግ ዘመን ሰው ወዲያው «ጓድ» የሚለው ይመጣበታል። «ጓድ» እና «ጓደኛ» ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ አንዱ ማዕረግ ሆኖ ከሌላው ተለየ። በቀበሌ ስብሰባ ሂስና ግለ ሂስ ያወረደ፣ ወይም በቤቱ ውስጥ በሹክሹክታ ያደገ አንባቢ ከዚህ መጽሐፍ ጋር ለመተዋወቅ የስዊድን መምህር ማብራሪያ አያስፈልገውም። በዓሉ ግርማ በኦሮማይ ፍቅርንና ጥርጣሬን በአስመራ ሲያገናኛቸው የደረሰበት ይታወቃል፦ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ጠፋ። ቦዬ ስለ ሩቅ ዘመን የጻፈችው ነገር በሌላ አገር የቅርብ ዘመን ሆኖ ተገኘ። ከስቶክሆልም መሐል ተነሥቶ ወደ ሪንከቢ በሚወስደው ባቡር፣ አለቱ ተፈልፍሎ በተሠራው ጣቢያ ውስጥ ይህን መጽሐፍ የያዘ ሐበሻ ቢታይ፣ ምናልባት የሚያነበው ስለ ወደፊቱ ላይሆን ይችላል።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሪሰን ከሰውነት ይልቅ ወደ ሐሳብነት ያደላል። ከመንግሥቱ ውጭ ስለሚኖሩት ሰዎችና ስለ በረሃዋ ከተማ የሚወራው ወሬ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል፤ ዓለሙ ተብራርቶ እንዲሳልለት የሚሻ አንባቢ ቅር ይለዋል። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ግን አንድ የማይረሳ ነገር አለ። በምስጢር የሚገናኙ ሰዎች ሥርዓት አላቸው፦ አንዱ ቢላዋ ይይዛል፣ ሌላው ከፊቱ ተጋድሞ እንደ ተኛ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። ሌላ የሚሆን ነገር የለም። መርማሪዎቹ ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ ዓላማው ምንድን ነው? ድርጅቱ የማን ነው? መሪው ማን ነው? ለመርማሪ የሚሆን መልስ የለውም። ለባልና ሚስት ግን አለው።

ስዊድንኛ ለሚማር ሰው የመጽሐፉ ቋንቋ አይከብድም፤ ሌዮ የሚጽፈው በቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ማንበብ ለሚቀለው የዴቪድ መክዳፍ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2019 በፔንግዊን ክላሲክስ ወጥቷል። በ1981 ለስዊድን ቴሌቪዥን የተሠራ ተከታታይ ድራማም አለ፤ እሱን ከንባቡ በኋላ ማየት ይሻላል። መጽሐፉን ገና ላልጀመረ ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ የመጨረሻው ገጽ የሌዮ አይደለም፤ የእጅ ጽሑፉን የመረመረ የአንድ ሳንሱር ሹም አስተያየት ነው። እሱን ቀድሞ መግለጥ አይገባም።