የዜልዳ ጨዋታዎች፤ የመሣሪያው ኀይልና የተጫዋቹ ነጻነት

የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የመሣሪያ ታሪክ ሆኖ ይቀራል። አዲስ ኮንሶል በወጣ ቍጥር ሥዕሉ ጠራ፣ ዓለሙ ሰፋ፣ ስለዚህም ጨዋታው ተሻሻለ ይባላል። ይህ አስተያየት ምን ያኽል እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ» የተባሉትን የኒንቴንዶ ተከታታይ ጨዋታዎች መርጠናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ጨዋታ በ1986 በጃፓን ወጣ። ከዋነኞቹ አዘጋጆች አንዱ የሆኑት ሺገሩ ሚያሞቶ የሐሳቡን ምንጭ ሲገልጹ፣ በልጅነታቸው በኪዮቶ አውራጃ በኮረብታና በዋሻ መካከል ሲዞሩ ያዩትን ያነሣሉ። ሥራውም ይህንኑ ይመስላል። ጀግናው ሊንክ ያለ ሰይፍ በሜዳ ላይ ይቆማል፤ አጠገቡ የዋሻ በር አለ፤ ግባ ብሎ የሚያዘው ግን የለም። ምድሩ በ128 ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብዛኛውን እንደ ፈቃዱ ይዞረዋል። እዚህ ላይ የመሣሪያውን ድርሻ መካድ አይገባም። ዲስኩ የተጫዋቹን ጕዞ መዝግቦ ማቈየት ስለ ቻለ፣ ባንድ ቀን የማያልቅ ረዥም መንገድ ማሰናዳት ተቻለ። ነገር ግን ጕድለት ነበረበት። የስምንተኛው ምሽግ መግቢያ አንድ ዛፍ ካልተቃጠለ አይገኝም፤ በዛፉም ላይ ይህን የሚያመለክት ምልክት የለም። እንዲህ ሲሆን ነጻነቱ የዕውር ድንብር ይሆናል።

በ1991 በሱፐር ፋሚኮም የወጣው «ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት» ይህን ለማረም ሲል በካርታው ላይ ቍጥር እያኖረ ቀጣዩን ስፍራ አመለከተ። በ1998 ደግሞ «ኦካሪና ኦቭ ታይም» በኒንቴንዶ 64 ላይ ለምድሩ ጥልቀት ሰጠው። ጥልቀት ባለው ስፍራ ጠላትን ዒላማ ማድረግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ አንድ ቍልፍ ሲጫኑ ዕይታው በጠላቱ ላይ እንዲጸና ተደረገ፤ ይህም እውነተኛ የፈጠራ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ናቪ የተባለች ትንሽ መንፈስ አብራ እየበረረች ተጫዋቹን ደጋግማ ትጣራ ጀመር።

ይህ ልማድ ከልክ ያለፈው በ2011 በዊ በወጣው «ስካይዋርድ ሶርድ» ነው። ፊ የተባለችው የሰይፍ መንፈስ ተጫዋቹ በዓይኑ ያየውን መልሳ ትነግረዋለች፤ የእጅ መቈጣጠሪያው ባትሪ መድከሙን ሳይቀር ታስታውቃለች። ሲያጌጡ ይመላለጡ እንደሚባለው፣ መሣሪያው በበረታ መጠን በተጫዋቹ አእምሮ ላይ ያለው እምነት ቀነሰ። ጨዋታው በ2021 ለስዊች ተሻሽሎ ሲወጣ ከምክሯ ብዙው በተጫዋቹ ፈቃድ የሚሰማ ሆነ፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም።

በ2017 የወጣው «ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ» ወደ ጥንቱ ተመለሰ። አዘጋጆቹም ሐሳባቸውን ለመሞከር በመጀመሪያው ጨዋታ አምሳል ጠፍጣፋ ሞዴል ሠርተው ነበር። ተጫዋቹ መነሻውን አምባ ከጨረሰ በኋላ፣ ከደፈረ፣ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ጠላት መሄድ ይችላል። ከ1986ቱ የሚለየው መንገዱን የሚያሳየው ራሱ ምድሩ በመሆኑ ነው፤ በሩቅ የሚታየው ግንብ፣ ተራራና ጭስ ያለ ቃል ይጠራሉ። ዋጋ አልተከፈለበትም ግን አንልም። የቀድሞዎቹ ታላላቅ ምሽጎች በ120 ትንንሽ የፈተና ቤቶችና በአራት ግዙፍ መሣሪያዎች ተተክተዋል፤ ከትንንሾቹም ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ የመጀመሪያው አድናቆት ይደክማል።

እንግዲህ የዜልዳ ታሪክ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ መሰላል አይደለም። ዲስኩና የምድሩ ጥልቀት አዲስ በር ከፍተዋል፤ በበሩ ማን አስቀድሞ ይግባ የሚለውን የወሰነው ግን መሣሪያው ሳይሆን አዘጋጁ ነው። በእኛ አስተያየት ተከታታይ ጨዋታ ሲመዘን የሥዕሉን ጥራት ከመቍጠር አስቀድሞ፣ መንገዱን በትእዛዝ ወይስ በምልክት ያሳያል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጥሩ መምህር መልሱን አይነግርም፤ ተማሪው እንዲደርስበት ጥያቄውን በሚገባ ያቀርባል እንጂ።