በአሜሪካን ኮሌጆች የእስፖርተኞች ዲግሪና የከተማቸው ጋዜጦች

በአሜሪካን አገር ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በመባል የሚታወቀው የኮሌጆች የእስፖርት ማኅበር፤ ከእስፖርተኞች መካከል ከመቶው ስንቱ ዲግሪ እንዳገኙ የሚያሳይ ቁጥር በየዓመቱ ያወጣል። በአንደኛው ክፍል ለሚጫወቱት ኮሌጆች በ2020 የወጣው ቁጥር ከመቶ 90 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኮሌጁ የሚገኝበት ከተማ ጋዜጣ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩን ከኮሌጁ የማስታወቂያ ክፍል እንደ ደረሰው በእስፖርት ገጹ ጥግ ያትምና ወደ ቅዳሜው ግጥሚያ ይመለሳል። እኛ የምንተቸው ይህንን ልማድ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፤ አስቀድመን ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በ1990 የወጣው ሕግ ኮሌጆች የተማሪዎቻቸውንና የእስፖርተኞቻቸውን የምረቃ ቁጥር ለሕዝብ እንዲገልጹ ያስገድዳል። ሕጉ እንዲወጣ ከደከሙት አንዱ ሴናተር ቢል ብራድሌይ ናቸው፤ እርሳቸውም ራሳቸው በፕሪንስተን ዩኒቬርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበሩ። በመንግሥት አቆጣጠር በአንድ ዓመት ከገቡት መካከል የሚቆጠሩት በዚያው ኮሌጅ በስድስት ዓመት ውስጥ የተመረቁት ብቻ ናቸው። ማኅበሩ ግን «ይህ አቆጣጠር ወደ ሌላ ኮሌጅ የተዛወረውን ሰው እንደ ወደቀ ያስቆጥረዋል» በማለት የራሱን ሌላ አቆጣጠር አወጣ። በዚህኛው ውጤቱ ሳይበላሽ የወጣ ተጫዋች ከሒሳቡ ይሠረዛል፤ ከሌላ ኮሌጅ የመጣውም ይጨመራል።

ምሳሌ እንስጥ። ዐሥር ተጫዋቾች ገቡ እንበል። 4 ተመረቁ፤ 3 ውጤታቸው ደኅና ሳለ ሄዱ፤ 3 ደግሞ ወድቀው ቀሩ። በመንግሥት አቆጣጠር ውጤቱ ከመቶ 40 ነው። በማኅበሩ አቆጣጠር ግን የሄዱት ሦስቱ ስለሚሠረዙ ከ7 ሰዎች 4 ማለት ከመቶ 57 ይሆናል፤ ከሌላ ኮሌጅ 2 መጥተው ቢመረቁ ደግሞ ከ9 ሰዎች 6 ማለት ከመቶ 67 ይደርሳል። የሄዱት ሦስቱ ሌላ ኮሌጅ ገብተው እንደ ሆነ በዚያ ይቆጠራሉ፤ ትምህርቱን እርግፍ አድርገው ትተውት እንደ ሆነ ግን የትም አይቆጠሩም።

የማኅበሩ አቆጣጠር ሐሰት ነው አንልም፤ በመንግሥቱም አቆጣጠር ላይ ያነሣው ቅሬታ እውነት አለበት። ጥፋቱ ያለው ከማወዳደሩ ላይ ነው። የማኅበሩ አቆጣጠር ለሌላው ተማሪ አይሠራበትም። ስለዚህ የእስፖርተኞቹን 90 ከሌላው ተማሪ የመንግሥት ቁጥር አጠገብ አስቀምጦ «ተጫዋቾቻችን ከተማሪው ሁሉ በልጠዋል» ማለት አንዱን እህል በቁና ሌላውን በእንቅብ ሰፍሮ እንደ ማስተያየት ነው። እነዚያው እስፖርተኞች በመንግሥት አቆጣጠር ሲቆጠሩ ወደ 70 ገደማ ዝቅ ይላሉ።

ጠቅላላው ቁጥር የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ። ዋናተኛውና የቴኒስ ተጫዋቹ ብዙ ገንዘብ ከሚያስገባው የፉትቦልና የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ጋር አብረው ይደመራሉ። ፕሮፌሰር ሻን ሃርፐር በ2018 ባወጡት ጥናት በአምስቱ ታላላቅ የውድድር ማኅበራት ውስጥ የነበሩትን 65 ዩኒቬርሲቲዎች መርምረዋል። ከተማሪው ጠቅላላ በስድስት ዓመት የተመረቀው ከመቶ 76.3፤ ከእስፖርተኛው ጠቅላላ 69.3፤ ከጥቁሮቹ ወንዶች እስፖርተኞች ግን 55.2 ብቻ ነበር። ጥቁሮች ወንዶች ከተማሪው ከመቶ 2.4 ብቻ ሲሆኑ፤ በፉትቦል ቡድኖቹ ግን ከመቶ 55 ነበሩ። እንግዲህ ከተማው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጨበጭብለት ቡድን እኩሌታው የዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ባለቤት ነው።

ይህን ለመጻፍ የሚደፍር ጋዜጣ ምን እንደሚያገኘው በሚኒሶታ ታይቷል። ማርች 10 ቀን 1999 የሴንት ፖል ከተማ ጋዜጣ «ፓዮኒር ፕሬስ» አንድ ዜና አወጣ። በዩኒቬርሲቲው የእስፖርተኞች የትምህርት ረዳት ክፍል የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት፤ ቢያንስ ለ20 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከ400 በላይ የትምህርት ሥራዎች እንደ ሠራችላቸው ለጋዜጣው ገልጣ ነበር። ቡድኑ በማግሥቱ በአገር አቀፍ ውድድር ይጫወት ስለ ነበረ አራት ተጫዋቾች ታገዱ፤ ቡድኑም ተሸነፈ። የከተማው ቊጣ ግን ያረፈው በጋዜጣው ላይ ነው። አገረ ገዥው ጄሲ ቬንቱራ ሳይቀሩ ጋዜጣውን በአደባባይ ነቀፉ። «ለምን በግጥሚያው ዋዜማ?» የሚለውን ጥያቄ እኛ አንቀበለውም፤ ቡድኑ ከተሸነፈ በኋላ ቢወጣ ኖሮ ደግሞ «በወደቀ ላይ ምሳር ያበዛሉ» መባሉ አይቀርም ነበር። ጸሐፊው ጆርጅ ዶርማን በ2000 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ ማኅበሩም የቡድኑን የ1997 ታላቅ ውጤት ሳይቀር ሠረዘ። ልብ ማለት የሚገባን ዶርማን የትምህርት ጉዳይ ጸሐፊ ሳይሆን የእስፖርት ጸሐፊ መሆኑን ነው። የእስፖርት ገጹ ከፈለገ ይችላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የምረቃው ቁጥር ራሱ ስለ ትምህርቱ የሚናገረው ጥቂት ነው። የራሌይ ከተማ ጋዜጣ «ኒውስ ኤንድ ኦብዘርቨር» ለብዙ ዓመታት በተከታተለው በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቬርሲቲ ጉዳይ፤ አስተማሪ የማይገባባቸው፤ በመጨረሻ አንድ ጽሑፍ ብቻ የሚቀርብባቸው ክፍሎች እንደ ነበሩ ተረጋገጠ። ጽሑፉን የምታርመው አስተማሪ ሳትሆን የክፍሉ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበረች። በ2014 የወጣው የምርመራ ሪፖርት በ18 ዓመት ውስጥ ከ3,100 የሚበልጡ ተማሪዎች በነዚህ ክፍሎች እንዳለፉ ገለጸ፤ እኩሌታ ያህሉ እስፖርተኞች ነበሩ። ማኅበሩ በ2017 ክፍሎቹ ለሌላውም ተማሪ ክፍት ስለ ነበሩ ቅጣት ለመወሰን እንደማይችል አስታወቀ። የዚህ ዓይነቱ ማርክ ለዲግሪ ይቆጠራል፤ ዲግሪውም የምረቃውን ቁጥር ከፍ ያደርጋል፤ ጋዜጣውም ቁጥሩን ያትማል።

ኬቪን ሮስ የተባለ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በ1978 ክሬይተን ዩኒቬርሲቲ ገብቶ በ1982 ያለ ዲግሪ ወጣ። በክሱ እንደ ገለጸው ሲወጣ የንባብ ችሎታው የሰባተኛ ክፍል፤ የቋንቋ ችሎታው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ በቺካጎ አንድ የልጆች ትምህርት ቤት ገብቶ ከሕፃናት ጋር አንድ ዓመት ተማረ። አራት ዓመት ሙሉ ግጥሚያውን ቆሞ ያየ ሕዝብ ማንበብ መቸገሩን አላየም፤ ነጥቡ ግን በየማግሥቱ ይታተም ነበር።

ኮሌጆች በ1974 የወጣውን የተማሪ ምሥጢር ጠባቂ ሕግ እየጠቀሱ የተጫዋቾችን ማርክ አይሰጡም። ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተመረቀ ሰው ስም ግን ምሥጢር አይደለም፤ በምረቃው ዕለት ታትሞ ይታደላል። ስለዚህ የከተማው ጋዜጣ ከስድስት ዓመት በፊት ራሱ ያተመውን የቡድኑን ፎቶግራፍ ከመዝገብ ቤቱ አውጥቶ፤ ከዚያ ወዲህ ከወጡት የተመራቂዎች ዝርዝሮች ጋር ስም በስም ሊያመሳክር ይችላል። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ስማቸው የማይገኘውን ተጫዋቾች ደግሞ ስልክ ደውሎ የት እንዳሉና ምን እየሠሩ እንደሚኖሩ ይጠይቃቸው።