ግት የሌላት ላም

ላሟ ከመዳፌ አትበልጥም። ጥቁር ጭቃ ናት፤ ጎኗ ላይ የጭድ ስባሪ እንደ ፀጉር ብቅ ብቅ ብሏል። ሻኛዋ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተቆንጥጦ ወደ ላይ የተሳበ ስለሆነ ግራና ቀኙ ላይ የትንሽ ጣት አሻራ ቀርቶበታል። ከጉሮሮዋ ሥር የሚወዛወዘው ቆዳ እንኳ አልተረሳም፤ ጭቃው ሳይደርቅ በጥፍር ወደ ታች እየተጎተተ ሳስቷል። ቀንዶቿ ሁለት እሾሆች ናቸው፤ ጅራቷ የቃጫ ክር። ሠሪዋ ስድስት ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ ነው። ዳባት ዳር፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ የቤታቸውን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

አንስቼ ሳገላብጣት አንድ ነገር ጎደለብኝ፤ ግት የላትም። አዋቂ አይደለሁ፣ ማረም አማረኝ። «ማሙሽ፣ ግቷን ረሳኸው» አልኩት።

ቀናም አላለ። «ጊደር ናት እኮ ጋሼ!»

ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኳት። ያልወለደች ጊደር ግቷ ለዓይን እንደማይሞላ እኔም አላጣሁትም፤ ያደግሁት ከብት ባለበት ቤት ነው። እኔ ግን «ላም» የምትባል ነገር ነበር የማየው። እሱ የሠራት ቤታቸው ያለችውን፣ ስሟን ጠርቶ የሚያባርራትን ያቺኑ ጊደር ነው። ከዚያ ወዲህ የልጅ ጭቃ ሥራ ባየሁ ቁጥር ቁጭ ብዬ አሠራሩን ማየት ልማድ ሆኖብኛል።

ከጭቃው እንጀምር። የዚህ አገር ጥቁር አፈር በበጋ እንደ ተረከዝ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት እግር ከያዘ አይለቅም። ለአራሽ መከራ ነው። ለልጅ እጅ ግን ይታዘዛል፤ ያሉትን ይሆናል፤ ተንኮሉ የሚመጣው ሲደርቅ ነው። ይሸማቀቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጭድ ይፈልጋል። ልጁ ይህን ያወቀው ቤት ሲመረግ ነው፤ ትልልቆቹ ጭቃና ጭዱን ጉድጓድ ውስጥ ሲረግጡ እሱም ሱሪውን ሰብስቦ አብሮ ሲረግጥ ውሏል። ነገር ግን ለግድግዳ የሚሆን ጭድ ለመዳፍ ለምታህል ጊደር ረጅም ነው፤ እግሯን ሰንጥቆ ይወጣል። ልጁ ጭዱን በሁለት መዳፉ መካከል አሽቶ አደቀቀው፤ እፍ ብሎ አቧራውን አስወጣና የቀረውን ከጭቃው ጋር ለወሰው። ውሃውን ከጣሳው በጣቱ እየነከረ ይረጫል እንጂ አያፈስም። ይህን ልክ ያሳየው ሰው ያለ አይመስለኝም። የጊደር እግር ስንት ጊዜ ተሰብሮበት እንደደረሰበት እሱ ያውቃል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው እግር ነው። ከባድ ገላ በአራት ቀጫጭን እርጥብ እግሮች ላይ ሲያርፍ ይሰምጣል። ልጆች ለዚህ ሲበዛ ሦስት መላ አላቸው። አንዳንዱ ላሟን አስተኝቶ የምታመሰኳ ያስመስላታል፤ ይህ ብልጠት ነው፤ እግርን ማምለጥ ነው። ሌላው እንጨት እንደ አጥንት ይከትበታል። የዳባቱ ልጅ የመረጠው ከባዱን ነው፤ እግሮቹን አልለጠፈም፣ ከገላዋ ከራሱ ስቦ አወጣቸው። የተለጠፈ እግር ሲደርቅ ይወልቃል፤ የተሳበ እግር ግን ከሆዷ ጋር አንድ ጭቃ ነው። የጀበናን እጀታ የምትቀጥል ሸክላ ሠሪ መጋጠሚያውን በእርጥብ ጭቃ አሽታ የምታጠፋው ይህንኑ ፈርታ ነው። ከዚያ ጊደሯን ወዲያው አላቆማትም። በጎኗ አጋድሞ ፀሐይ አሳያት፤ ቆይቶ በሌላው ጎኗ ገለበጣት። ለመቆም የበቃችው እግሯ ጠጠር ካለ በኋላ ነው። አጭርና ወፍራም እግር ነው ያላት፤ እውነት እንነጋገር ከተባለ ከጊደር ይልቅ በርጩማ ይመስላል። ይህ ብቻ ነው ነቀፋዬ።

ከጎንደር ወደ ዳባት ሲወጣ፣ ከተማው ሳይርቅ ወለቃ አለች። ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች ከጭቃ ትንንሽ ሰዎችና እንስሳት እየሠሩ ለመንገደኛ በመሸጥ ያስጠሯት መንደር ናት፤ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ሸክላው መንገድ ዳር አልጠፋም። የወለቃው ምስል በእሳት ይጠነክራል፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አውሮፕላን ይሳፈራል። የልጁ ጊደር እሳት አታይም። አንድ ዝናብ ይበቃታል።

ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮቤል በ1837 እ.ኤ.አ. ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሕፃናት መዋያ ከፈተ፤ በ1840 «ኪንደርጋርተን» የሚል ስም አወጣለት። እኛ «አፀደ ሕፃናት» ስንል የዚያኑ ስም ትርጉም መጥራታችን ነው። ፍሮቤል ለልጆች በቅደም ተከተል የሚሰጣቸው መጫወቻዎች ነበሩት፤ «ስጦታ» ይላቸዋል። የመጀመሪያው የክር ኳስ ነው፤ ሁለተኛው ከእንጨት የተሠሩ ድቡልቡል፣ ሲሊንደርና ኩብ። ልጁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ የቅርጽን ነገር ይረዳል ብሎ ነበር ያሰበው። እንግዲህ የጊደሯን አፈጣጠር መለስ ብዬ ሳየው፣ ልጁ መጀመሪያ ጭቃውን አድቦለቦለ። ድቡልቡሉን ጭኑ ላይ አንከባልሎ ሲሊንደር አደረገው። ሲሊንደሩን በአራት ወገን ድንጋይ ላይ መታ መታ አድርጎ ጎንና ጀርባ አወጣለት። የፍሮቤል ሁለተኛ ስጦታ አንድም ሳይጎድል፣ በተርታ። ፍሮቤል ቢያይ ደስ ይለው ነበር፤ ልጁ ግን አንዱም ቅርጽ ላይ ቆሞ አላደረም፤ ጊደሯ ትጠብቀዋለች።

እዚያው ሰፈር ከእሱ ከፍ የሚል ልጅ ጥማድ በሬ አለው። በሬዎቹን እለፏቸው፤ ተራ ናቸው። ሥራው ያለው ዕቃው ላይ ነው። ቀንበሩ የባሕር ዛፍ ስንጥር ነው፤ ማነቆዎቹ አራት የክብሪት እንጨቶች፤ ሞፈሩ በተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ቅርንጫፍ፤ ምራኑ ከአሮጌ ጆንያ የተመዘዘ ክር። ምራኑን ከማሰሩ በፊት ቀንበሩን በክር አንጠልጥሎ ያየዋል። ወደ አንዱ በሬ ካጋደለ ያን ጫፍ በጥርሱ ነጨት ያደርግና እንደገና ያንጠለጥለዋል። ሦስት ጊዜ ነጨ። ቀንበሩ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ቋጠረው። «ሚዛን» የሚለው ርዕስ ትምህርት ቤት ሲደርሰው ምን አዲስ ነገር እንደሚነግሩት እንጃ።

ደባርቅ ላይ ደግሞ መኪናው ይበዛል። ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው የጭነት መኪና ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነውና የሽቦ አይሱዙ፣ የጀሪካን አውቶቡስ፣ ከነጠላ ጫማ የተቆረጠ ጎማ መንገዱን ሞልቶታል። ስለ ሽቦ መኪና ብዙ ተብሏልና አልመለስበትም።

የገጠር ልጅ ዛሬ ከእነዚህ ከብቶቹ ተነስቶ ከአንደኛ ክፍል በፊት ወዳለው ዜሮ ክፍል ይገባል። ዘመናዊው አፀደ ሕፃናት ወደ አገራችን ሲመጣ መጀመሪያ ያረፈው ድሬዳዋ ላይ፣ ለምድር ባቡር ፈረንሳውያን ልጆች እንደሆነ ይነገራል፤ ከዚያም ለረጅም ዘመን የከተማና የከፋይ ወላጅ ነገር ሆኖ ኖረ። ለገጠሩ ልጅ ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ ናቸው፤ ዛፍ ሥር ወይም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ በስንጥር እየጠቆሙ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ ሆነው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ፤ ዜሮ ክፍልም በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጥግ እየተከፈተ ሄደ። ዕቃ ተሟልቶለት የተከፈተው ግን ጥቂት ነው። ቀሪውን የሞላው የመምህራን እጅ ነው፤ በሽቦ የተሰካ የጠርሙስ ቆርኪ መቁጠሪያ ይሆናል፣ የማዳበሪያ ጆንያ ሰሌዳ ይሆናል፣ ካርቶን ሰዓት ይሆናል። መምህራኑ «መርጃ መሣሪያ» ይሉታል።

ካየኋቸው መርጃ መሣሪያዎች ሁሉ አንዱን አልረሳም፤ ደባርቅ ላይ ነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠዋት ጭቃ መንካት ጣት ያደነዝዛል። መምህርቷ ፀሐይ እስኪሞቅ ጠብቃ አንድ ባልዲ የተለወሰ ጭቃ ደጅ አወጣች፤ ልጆቹም በየፊናቸው ድርሻቸውን ቆንጥረው ተቀመጡ። ሰሌዳው ላይ «በ»ን ጻፈች። ልጆቹ ሠርተው አቆሙት፤ ሁለት እግር ያለው ደጃፍ መሰለ፣ ቆመ። «ቡ» ላይ ከቀኝ ወገቡ ትንሽ ክንድ አወጡለት። «ቢ» ቀኝ እግሩን ጫማ አጠለቀ፤ እንዲያውም ከሁሉ የተሻለ የቆመው እሱ ነው። ራብዑ «ባ» ላይ ሲደርሱ ግራ እግሩን ቆርጠው አሳጠሩት። ወደ ግራ ተንጋዶ ወደቀ። ቢያቆሙት ወደቀ። አንዷ «ባ አነከሰች!» ብላ ጮኸች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ አልሳቀችም፤ ዝም ብላ «ቦ»ን ጻፈች። ቀኝ እግሩን አሳጠሩት፤ ወደ ቀኝ ወደቀ።

231 ፊደል ቆጥሬ ነው ያደግሁት፣ 33 በ7። የ«ባ»ንና የ«ቦ»ን ልዩነት በዓይኔ እንጂ በክብደቱ አውቄው አላውቅም ነበር። ፊደላችን የቆመ ነገር ነው፣ እግር አለው፣ እግሩ ሲያጥር ያጋድላል። ይህን በጭቃ ያሳየች መምህርት ያደረገችው ነገር ከጥሩ አናጢ ሥራ አይተናነስም፤ አንድ ባልዲ፣ አንድ ጠመኔ፣ ትርፍ ቃል የለም።

ትምህርቱ ሲያልቅ የተረፈውን ጭቃ «የፈለጋችሁትን ሥሩ» አለቻቸው። ከተማዋ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት፤ ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ነው። የክፍሉ ግድግዳ ላይም ዋሊያ ተሥሏል፣ ጭላዳ ተሥሏል። ዋሊያ የሠራ አንድም ልጅ አልነበረም። በግ፣ አህያ፣ እናት ልጅ አዝላ፣ ምጣድ፣ ላም። አንዷ ሕፃኑን ከእናቱ ጀርባ ላይ ለማዘል የሽንኩርት ልጣጭ አንቀልባ አደረገችለት፤ ልጣጩ ሲደርቅ እየጠበበ ሕፃኑን ይበልጥ አጥብቆ ያዘው። አስባበት ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም። ጊደሯ ካስተማረችኝ ወዲህ ልጆችን ስለ ሥራቸው ብዙ አልጠይቅም።

የራሴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ነው አፀደ ሕፃናት የገባችው፤ በሥርዓት የተያዘ፣ ወለሉ የሚያብለጨልጭ ቤት ነው፤ ስሙ ይቆይ። አንድ ቀን የላም ሥዕል የታተመበት ወረቀት ይዛ መጣች። መስመሩን ሳታልፍ ቡናማ ቀብታዋለች፣ መምህሯም በቀይ እስክሪብቶ ራይት አድርጋላታለች። የሠላሳው ልጅ ላም አንድ ዓይነት ናት፤ ባለ ግት፣ ሻኛ የላትም። የፈረንጅ ላም ናት። ልጄን «ይቺ ላም ስንት ወልዳለች?» ብዬ ጠየቅኳት። ጥያቄው አልገባትም፤ «አባ፣ ወረቀት እኮ ነው» አለችኝ። ትክክል ናት። ከወረቀቱ ጋር ጥል የለኝም፤ የሚቆጨኝ ያን ወረቀት ለማባዛት የወጣው ገንዘብ ስንት ባልዲ ጭቃ እንደሚያስለውስ ሳስብ ነው። ጭቃ ደግሞ በነፃ ነው።

እናም መምህራን ሆይ፣ በተለይ በወገራና በስሜን በኩል ያላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። ከክፍላችሁ ጥግ አንድ ባልዲ ጭቃ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጥ፣ አጠገቡም የደቀቀ ጭድ። የላም ሥዕል ግን ግድግዳ ላይ አትለጥፉባቸው። አንዱ ግት የሌላት ላም ይዞላችሁ ከመጣ ደግሞ ከማረማችሁ በፊት ዕድሜዋን ጠይቁት።