ከአዋሽ ዳር እስከ ጢያ በአንድ ቀን

ወገኖቼ፣ ይህን መንገድ እስከ ዛሬ ማን ደበቀብኝ? ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ስኖር፣ በዓል ረዘም ባለ ቁጥር ልቤ የሚሸፍተው ወደ ላንጋኖና ወደ ሐዋሳ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መስቀል አርብ ዋለ። ቅዳሜ ማለዳ እናቴንና የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ ታጠፍኩ። ማታ እቤታችን ገብተን ተኛን። በመካከል ያየነውን ግን እስካሁን አውርቼ አልጠገብኩም!

መንገዱ ራሱ በዓል ነው። ግራ ቀኙ አደይ አበባ፣ አረንጓዴ የጤፍ ማሳ፣ ለመስቀል አገር ቤት ለመግባት የዘገዩ ሰዎች ዕቃቸውን አናቱ ላይ የቆለሉበት ሚኒባስ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ ደረስን።

ሙዚየሙ ለምለም ግቢ ውስጥ የቆሙ ክብ ጎጆዎች ናቸው። ከዚያ ወደ ጎምቦሬ የቁፋሮ ቦታ በእግር ይኬዳል፤ ይህቺን አጭር መንገድ በምንም አልለውጣትም! ጥቁሩ ባልጩት ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መስታወት ያበራል። የሰው ዘር እዚህ አካባቢ ባልጩት መጥረብ የጀመረው ቢያንስ ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ድንጋዩ አይደለም፤ ዱካው ነው። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት አንዲት ትንሽ ኩሬ ዳር አዋቂዎችና ሕፃናት ጭቃውን ረግጠው አልፈዋል፤ ጉማሬና ወፎችም እንዲሁ። ጭቃው ደርቆ፣ በእሳተ ገሞራ አመድ ተሸፍኖ፣ የእግራቸውን ቅርጽ ጠብቆ እስከ ዘመናችን አደረሰው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ገና የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃናት ሳይሆኑ አይቀሩም። ቆመው መሄድ የጀመሩ ሰሞን ማለት ነው!

ልጄ ይህን ስትሰማ ጫማዋን አውልቃ ወንዙ ዳር ጭቃው ላይ እግሯን አተመች። ከዚያ ዞር ብላ አየችው። እንባዬ መጣ።

ከዚያ አልፈን አዳዲ ማርያም ጥቂት ብቻ ቆየን። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለት ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ አጠገቡ እስኪደርሱ ድረስ አይታይም። ትውፊቱ ለቅዱስ ላሊበላ ይሰጠዋል። እናቴ ደጃፉን ስማ ስትነሣ ፊቷ ሌላ ሆነ፤ ላሊበላን ሳላይ እንዳልሞት ትል ነበርና።

ጢያ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች፤ ትክል ድንጋዮቹን ለማየት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። 36 ናቸው። አብዛኞቹ ላይ ሰይፍና ሌላ ምልክት ተቀርጿል፤ የጎኑ ብርሃን ሲያርፍበት እያንዳንዱ ቅርጽ ጎልቶ ይወጣል። ከሥራቸው መቃብር አለ፤ በቁፋሮ የተገኙት ሟቾች ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። በመካከላቸው ስንዘዋወር ሦስታችንም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን፤ ማንም ሳያዘን።

እስቲ አስቡት፦ ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ መልካ ቁንጡሬ ደግሞ እኛ ከመሄዳችን ሁለት ወር አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024። ሁለት የዓለም ቅርስ በአንድ መንገድ፣ ከቤቴ ደጃፍ የቀን ጉዞ ርቀት ላይ! ለመልስ ጉዞ ደግሞ ክትፎ በቆጮ አለ፤ ለዚያውም በመስቀል ሰሞን።

በሚቀጥለው በዓል ማልዳችሁ ውጡ። ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ አዋሽ ዳር ስትደርሱም ጫማቸውን አስወልቋቸው።