ሁለት ጊዜ የፈረሰው አራዳ

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ የንግድ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ በኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ የተሰማው ሐዘን እውነተኛ ነበር። ይሁን እንጂ ሐዘኑ ታሪኩን ከመካከል የጀመረ ነው። የተለቀሰው ለእንጨቱ ሰገነት፣ ለሕንዱና ለአርመኑ ነጋዴ ሱቅ ነው፤ በዚያው ሠፈር ስለነበረው ገበያ ያነሣ ጥቂት ነው።

የአራዳ ገበያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የተዘረጋ፣ ሰማይን ጣራ ያደረገ ገበያ ነበር። አሞሌው፣ እህሉ፣ ቡናው፣ ከደቡብ የሚመጣው የዝሆን ጥርስና ዝባድ በየተራው ይሸጥበታል። ቅዳሜ የሚሰበሰበው ሕዝብ ከመገበያየቱ ጋር አዋጅ ይሰማል፣ ቅጣት ሲፈጸም ያያል፣ ወሬ ይለዋወጣል። የተውኔት ሰው ቢያየው ተመልካቹ ራሱ ተዋናይ የሆነበት መድረክ ነው። ይህን መድረክ ያነሣው በ1928 ዓ.ም. የገባው የፋሺስት አስተዳደር ነው። ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት በነደፈው ፕላን መሠረት ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ የአገሬው ሕዝብ ገበያ አለው፤ መርካቶም ከዚህ ተወለደ። እንግዲህ በ2016 ዓ.ም. የፈረሱት ቤቶች ገበያቸውን አስቀድመው የተነጠቁ ነበሩ።

ሁለተኛው ፍረሳ ግን ከሱቆቹ አልፎ መኖሪያውንም ወስዷል። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ከስማቸው ጀምሮ የከተማይቱን ቀልድና እሮሮ የያዙ ሠፈሮች ነበሩ። ነዋሪው ሲበተን ስሙ ለምን እንደ ወጣ የሚተርከውም አብሮ ተበትኗል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ፣ የማይንቀሳቀሰውም ያለ ፈቃድ ከሥፍራው እንዳይነሣ ይደነግጋል፤ ላልተመዘገበው ግን ማን ይሟገትለታል?

የኮሪደሩ ሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ከተሸጋገረ ወዲህ ይህ ጥያቄ ለደቡቡ ቆላ ይበልጥ ይከብዳል። ነገሌ ቦረና በታሪክ መጻሕፍት የምትነሣው በሁለት ጥሮች ነው፤ በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ሲይዛት፣ በጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ በምግብና በውሃ የተማረሩት ወታደሮች በአለቆቻቸው ላይ ሲነሡ። ገበያዋ ከጦር ሠፈሯ ያነሰ ገጽ ደርሶታል። በእርሷም፣ በያቤሎም፣ በሞያሌም ከሰገነትና ከጥርብ ድንጋይ ይልቅ የሚታየው ጭቃና ቆርቆሮ፣ በእንጨት የታጠረ የከብት ተራ ነው። ግመል ሻጩ፣ ደላላው፣ ከሥር በተሸመነ ጎርፋ ወተት ይዛ የምትመጣው የቦረና ሴት (ጎርፋውን እንኳ ጀሪካን እየተካው ነው) የሚገናኙበት ሜዳ በመሐንዲሱ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይሣላል። ባዶ ከተባለ ደግሞ ሲነሣ የሚያለቅስለት ሠዓሊ አይገኝም፤ የፒያሳው ሐዘን ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቅርስን በግድግዳ ውበት መለካት አስለምዷል።

የተራዎቹ ስም፣ ወተት ሻጮቹ የሚቀመጡበት ቅደም ተከተል፣ የሶማሌው ግመል ነጋዴ በጨርቅ ሥር በጣት የሚደራደርበት የዋጋ ምልክት፣ የመለኪያ ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት መጻፍ ያለባቸው ናቸው። አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በጥቂት የገበያ ቀናት ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው።